ዝም ያለውን አስቀድሙ

በልጆች ድንገተኛ ሕክምና ክፍል መጠባበቂያ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ልጆች አሉ እንበል። አንዱ እሪ ብሎ ያለቅሳል፣ ይወራጫል፣ የቀረበውን ሁሉ በእግሩ ይማታል። ሌላው ጭንቅላቱን እናቱ ትከሻ ላይ ጥሎ ዝም ብሏል፤ ያየው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ» ይላል። ልምድ የሌለው ሰው ወደሚጮኸው ይሮጣል። የሚጮኸው ግን በጩኸቱ ብቻ ሦስት ነገር ነግሮናል፦ የአየር ቧንቧው ክፍት ነው፣ ሳንባው አየር ያስገባል፣ አንጎሉም ለመቆጣት የሚበቃ ደምና ስኳር ያገኛል። ስለ ዝምተኛው እስካሁን የምናውቀው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

ልጆችን በመጡበት ተራ ማየት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ሞት ነው። ማላዊ ውስጥ ብላንታየር በሚገኘው ንግሥት ኤልሳቤጥ ማዕከላዊ ሆስፒታል ልጆችን እንደደረሱ በሕመማቸው ክብደት መለየትና ሕክምናውን እዚያው መጀመር ሲለመድ፣ ተኝተው ከሚታከሙት መካከል ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው ሞት ወደ 6 እና 8 በመቶ ወርዷል።

ማየት ከመንካት ይቀድማል። ልጁ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ደረቱን ገልጣችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተመልከቱት። ሰው ያያል? ሲነኩት ይቃወማል? ደረቱ እንዴት ይንቀሳቀሳል? የኦክስጅን እጥረትን በጠቆረ ቆዳ ላይ መፈለግ ያሳስታል፤ ምላሱንና ድዱን እዩ። እናትየዋ «ዛሬስ ልጄ ልጄ አልመሰለኝም» ካለች ይህን እንደ ምልክት ያዙት እንጂ እንደ ጭንቀት አትለፉት።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የአየር ቧንቧ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፣ ራስን መሳትና መንዘፍዘፍ፣ በመጨረሻም የሰውነት ፈሳሽ መሟጠጥ። ችግር የተገኘበት ቦታ ላይ ቆሞ ማከም፣ ሳይታከም ወደሚቀጥለው አለማለፍ። የበሽታው ስም ይቆያል። ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ አጠገብ ቆሞ «ሳሉ መቼ ጀመረው?» እያሉ ካርድ መሙላት የተለመደ ስሕተት ነው።

የልጅ ልብ ብዙውን ጊዜ በራሱ ሕመም አይቆምም። መጀመሪያ ትንፋሽ ይደክማል ወይም ደም ይጎድላል፣ ኦክስጅን ያልቃል፣ ልብ የሚቆመው ከሁሉም በኋላ ነው። ከቆመ በኋላ መመለሱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ዋናው ሥራ ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ደቂቃዎችና ሰዓታት ውስጥ ነው።

የአየር ቧንቧ

4 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሕፃን ቧንቧ ውስጡ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ ስፋቱ ወደ 2 ይወርዳል፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ሩብ ብቻ ይቀራል፣ አየሩን የሚገታው ኃይል ደግሞ 16 እጥፍ ያድጋል። ያው እብጠት ትልቅ ሰው ላይ ድምፅ ከማጎርነን ብዙም አያልፍም።

ራሱን የሳተን ሕፃን አልጋ ላይ በጀርባው ስታስተኙት ትልቁ የራስ ቅሉ አንገቱን ወደ ፊት ያጥፈዋል፣ ምላሱም መተንፈሻውን ይዘጋል። የታጠፈ ጨርቅ ከትከሻው ሥር አድርጉለት። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አፍንጫው ቀጥ ብሎ ወደ ጣራ ይመልከት፣ አያንሱት አያጥፉት። ከዚያ ከፍ ላለው አገጩ ትንሽ ቀና ይበል። አንገትን ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ማጠፍ የሕፃንን ለስላሳ ቧንቧ እንደገና ይዘጋዋል። ወድቆ ወይም ተገጭቶ ከሆነ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ መንጋጋውን ብቻ ከኋላ ወደ ፊት ግፉት። አክታ በቱቦ ስትመጥጡ የምታዩትን ብቻ ምጠጡ፤ ቱቦውን በጭፍን ወደ ጉሮሮ መክተት ያስመልሳል፣ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ይችላል።

አንቆት ከሆነና በኃይል የሚያስል ከሆነ ተዉት፣ ያስል። ሳሉ ከሳሳ ወይም ድምፁ ከጠፋ ግን አትጠብቁ። ከአንድ ዓመት በታች ያለውን በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፣ በመዳፋችሁ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎቹ አጥንት መካከል 5 ጊዜ ምቱ። ካልወጣ ገልብጡትና የደረት አጥንቱን የታችኛ ግማሽ 5 ጊዜ ወደ ታች ግፉ። ሆዱን አትጫኑ፤ ጉበቱ በጎድን አጥንት በደንብ አልተሸፈነም። ከአንድ ዓመት በላይ የሆነው ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ 5 ጊዜ ጀርባውን ይመታል፣ ካልወጣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትስባላችሁ። እስኪወጣ ወይም ራሱን እስኪስት አፈራርቁ። በጣት አፍ ውስጥ መፈለግ የታየን ነገር ለማውጣት ብቻ ነው፤ ያልታየውን ጣት ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሆዱ የተጫነ ልጅ ቢድንም በሐኪም ይታይ።

ራሱን ከሳተና ካልተነፈሰ ወደ ልብና ሳንባ ማነቃቃት እለፉ። የየአገሩ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ ትንፋሾች ቁጥር ይለያያል፤ አውሮፓውያኑ በ5 ትንፋሽ ይጀምራሉ። ልጅ ላይ ትንፋሹን መዝለል እንደማይገባ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ደረቱን ከውፍረቱ አንድ ሦስተኛ ያህል፣ ሕፃን ላይ ወደ 4፣ ከፍ ያለው ላይ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ብቻውን የሆነ ሰው 30 ተጭኖ 2 ትንፋሽ፣ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ካሉ 15 ለ2። አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚያስገባ ከረጢት) የያዘው ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎና በኃይል ይጨምቃል፤ አየሩ ወደ ሆድ ይሄዳል፣ የተነፋው ሆድ ሳንባን ከታች ይጫናል፣ ልጁም ያስመልሳል። ደረቱ ከፍ ማለት እስኪጀምር ብቻ ጨምቁ። ጭምብሉ ከአፍንጫ ድልድይ እስከ አገጭ ይድረስ፣ ዓይን ላይ አይረፍ።

አተነፋፈስ

ትንፋሽ የሚቆጠረው ሙሉ አንድ ደቂቃ፣ ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ሕፃን ላይ አይሠራም፤ ትንፋሹ እኩል ስላልሆነ ስሕተቱም አብሮ ይባዛል። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስፈራው ድካሙ ነው፦ ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ የሚነፋ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጭንቅላቱ የሚነቀነቅ፣ አየር ሲያወጣ የሚያቃስት። ማቃሰቱ ሳንባው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ከረጢቶች እንዳይጣበቁ አየር አፍኖ የመያዝ ትግል ነው።

ሰውን የሚያታልለው የቁጥሩ መውረድ ነው። ከሰዓት በፊት 70 የነበረው ትንፋሽ አሁን 30 ሆኗል፣ ደረቱም ብዙ አይሰረጉድም፤ «ተሻለው» ተብሎ ይጻፋል። ዓይኑ ገልጦ ካልተጫወተ፣ ካልጠባ፣ ይህ መሻል አይደለም፤ ጡንቻው ደክሟል፣ የሚቀጥለው መቆም ነው። አስም ያለበት ልጅም እንዲሁ ነው። ፉጨቱ ጠፍቶ ደረቱ ጸጥ ካለ አየር መግባቱ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

የአደጋ ምልክት ያለበት ልጅ ኦክስጅን የሚጀመርለት የኦክስጅን መለኪያው እስኪመጣ ሳይጠበቅ ነው። በአፍንጫ ቱቦ ለአራስ በደቂቃ ከ0.5 እስከ 1፣ ለሕፃን ከ1 እስከ 2፣ ከፍ ላለው እስከ 4 ሊትር። የጣት መለኪያው የቀዘቀዘ እጅና የጥፍር ቀለም ያሳስቱታል። በጭስ የታፈነ ልጅ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትመኑት፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክስጅን ስለማይለይ ልጁ እየሞተ 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል።

አየር ሲስብ ሻካራ ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ሳያለቅስ አርፎ ሳለም የሚያሰማ ከሆነ ከባድ ነው። እናቱ እቅፍ ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆይ። ጉሮሮውን በእንጨት ተጭኖ ማየት፣ መርፌ መውጋት፣ በግድ ማስተኛት አያስፈልግም፤ ልቅሶው ብቻ የጠበበውን ቧንቧ ሊዘጋው ይችላል። የጉሮሮ ማበጥ የሚያስከትለው ጎርናና ሳል ከሆነ ዴክሳሜታሶን በኪሎ 0.6 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ በአፍ፣ ከባድ ከሆነ በኔቡላይዘር (መድኃኒትን ጭጋግ አድርጎ በሚያስተነፍስ መሣሪያ) 1 ለ1000 አድሬናሊን በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር እስከ 5 ሚሊ ሊትር። አድሬናሊኑ ቶሎ ያሽላል፣ ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል። «ድኗል» ብሎ በግማሽ ሰዓት ወደ ቤት መላክ አደገኛ ነው።

ለአስም ሳልቡታሞል የተባለው የሚነፋ መድኃኒት በስፔሰር (በፓምፑና በልጁ አፍ መካከል በሚገባ ባዶ ዕቃ) ይሰጣል። ስፔሰር ከሌለ የ750 ሚሊ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን በፓምፑ አፍ ልክ በስቶ መጠቀም ይቻላል። አንድ ጊዜ ፍፍ፣ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ትንፋሽ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ሁሉንም በአንዴ መንፋት መድኃኒቱን ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ማስቀረት ነው።

የደም ዝውውርና ፈሳሽ

ብዙ የምቆየው እዚህ ነው፤ በቀናነት የሚሠራ ስሕተት የበዛው እዚህ ስለሆነ።

የልጁን እጅ ያዙ። ሞቃት ከሆነ ሾክ (ደም ለሰውነት ክፍሎች በበቂ አለመድረስ) የመሆኑ ዕድል ትንሽ ነው፣ እለፉ። ከቀዘቀዘ የእጁን ወይም የእግሩን አውራ ጣት ጥፍር ለ5 ሰከንድ ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ትርታውም ደካማና ፈጣን ከሆነ፣ ይህ ሾክ ነው። ሦስቱም አብረው ይገኙ፤ እጅ መቀዝቀዝ ብቻውን ብርድም ሊሆን ይችላል። ሕፃን ላይ ትርታ የሚፈለገው የላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን ላይ ነው። የደም ግፊት ልኬት ጥሩ ነው፣ ግን አትደገፉበት፦ ልጅ የደም ሥሮቹን አጥብቦና ልቡን አፍጥኖ ግፊቱን እስከ መጨረሻ ይይዘዋል። ግፊቱ የወረደ ልጅ ዘግይቶ የተገኘ ልጅ ነው።

ለብዙ ዓመት ትምህርቱ ቀላል ነበር፦ ሾክ ካየህ 20 ሚሊ ሊትር በኪሎ በፍጥነት አፍስስ፣ ካልተሻለው ድገም። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከባድ ትኩሳትና የደም ዝውውር መዳከም ባለባቸው 3,141 ልጆች ላይ የተደረገው ፊስት የተባለው ጥናት ይህን አናጋው። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ልጆች ከ10 በመቶ በላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ብዙዎቹም የሞቱት ሁሉም እንደጠበቀው ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ ሳይሆን፣ ለጊዜው የተሻላቸው መስለው ቆይተው የደም ዝውውራቸው ወድቆ ነው። ተቅማጥ ያለባቸውና ከባድ የምግብ እጥረት የደረሰባቸው ልጆች በጥናቱ አልተካተቱም። ይህን ዘንግቶ «ፈሳሽ ይገድላል» ብሎ ከተቅማጥ ልጅ ላይ መስቀያውን ማውረድም ያው ስሕተት በሌላ በኩል ነው።

አሁን ያለው መንገድ ልጁን በዓይነቱ ይለያል። ሦስቱም የሾክ ምልክቶች ያሉበትና የምግብ እጥረት የሌለበት ልጅ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር በኪሎ፣ በ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ እየታየ። በተቅማጥ ክፉኛ የተሟጠጠ ልጅ ሪንገር ላክቴት የተባለውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በድምሩ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር ያገኛል፦ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ 30ው በ1 ሰዓት፣ 70ው በ5 ሰዓት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ 30ው በግማሽ ሰዓት፣ 70ው በ2 ሰዓት ተኩል። መጠጣት እንደቻለ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ድብልቅ) በአፍ ይጨመርለታል። ከባድ የምግብ እጥረት ያለበት ልጅ ልቡ ስለሚደክም ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጠው ሾክ ውስጥ ካለ ብቻ ነው፣ እሱም በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር በ1 ሰዓት። የእሱ ነገር ሌላም ወጥመድ አለው፦ ከቆዳው ሥር ስብ ስለሌለ ቆዳው ሲቆነጠጥ ቶሎ አይመለስም፣ ዓይኑም ጎድጉዷል፤ ፈሳሽ ሳይጎድለው የጎደለው ይመስላል። መዳፉ ነጭ የሆነ፣ ሄሞግሎቢኑ ከ4 ግራም በዴሲ ሊትር በታች የወረደ ልጅ የሚያስፈልገው ደም እንጂ ውኃ አይደለም።

የተሰቀለ ከረጢት የሚጠብቀው ሰው ከሌለው አደጋ ነው። 500 ሚሊ ሊትር ሰቅሎ፣ መቆጣጠሪያውን ከፍቶ፣ ሌላ ልጅ ለማየት መሄድ 6 ኪሎ ሕፃን ላይ ከ80 ሚሊ ሊትር በኪሎ በላይ ማፍሰስ ነው። የሚያስፈልገውን ብቻ በሲሪንጅ ለክታችሁ ስጡ፣ ወይም ትርፉን መጀመሪያ ከከረጢቱ አፍስሱት። ፈሳሹ እየገባ ትንፋሹ በደቂቃ በ5፣ ትርታው በ15 ከጨመረ፣ ጉበቱ ካበጠ፣ ሳንባው ላይ ቀጫጭን ድምፅ ከተሰማ አቁሙ።

መንዘፍዘፍና ራስን መሳት

ሰዓት እዩ፣ በጎኑ አስተኙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል እንጂ ምላስ አያድንም። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሲደርስ እየተንዘፈዘፈ ከሆነ፣ ዲያዜፓም በፊንጢጣ በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። 2 ሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊ ግራም ከያዘ ለ10 ኪሎ ልጅ 1 ሚሊ ሊትር ነው። መርፌው በወጣ ትንሽ ሲሪንጅ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር አስገብታችሁ ስጡ፣ ከዚያ መቀመጫውን ለጥቂት ደቂቃ ገጥማችሁ ያዙ፤ ካልተያዘ ተመልሶ ይፈስሳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ካልቆመ አንድ ጊዜ ይደገማል። ሦስተኛ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ያቆማል፣ ወደ ሌላ መድኃኒት ይታለፋል። አምቡ ባጉ ከመጀመሪያውም አጠገባችሁ ይሁን። አራስ ላይ ምርጫው ፌኖባርቢታል በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ነው።

የተንዘፈዘፈ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ሁሉ የደም ስኳሩ ይለካ። የልጅ ጉበት የሚያጠራቅመው ስኳር ጥቂት ነው፤ ታሞ አንድ ሌሊት ያልበላ ልጅ ሊጨርሰው ይችላል። ከ45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች፣ የምግብ እጥረት ካለበት ከ54 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ስጡ። ያለው 50 በመቶ ብቻ ከሆነ አንዱን እጅ ከአራት እጅ ንጹሕ የመርፌ ውኃ ጋር ቀላቅሉ፦ 10 ሚሊ ሊትር ከ40 ጋር። ሳይበረዝ መስጠት የደም ሥር ያቃጥላል። የደም ሥር እስኪገኝ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጠብታ ውኃ አርጥቦ ከምላስ ሥር ማድረግ ይቻላል፣ በየ20 ደቂቃው ይደገማል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ለኩ።

ሌሎች

ምግብ፣ መድኃኒት ወይም ንብ ነክቶት በደቂቃዎች ውስጥ ያበጠ፣ የታፈነ ወይም የተዝለፈለፈ ልጅ ሕክምናው አድሬናሊን ነው። 1 ለ1000ው በኪሎ 0.01 ሚሊ ሊትር፣ ለ15 ኪሎ 0.15 ሚሊ ሊትር፣ የጭኑ መሐል ውጫዊ ጎን ጡንቻ ላይ፤ ከ12 ዓመት በታች ከ0.3 አይበልጥም። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። የአለርጂ ክኒንና ስቴሮይድ ሰጥቶ መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ነው። አስተኙት፤ ድንገት ከተኛበት ማስነሳት ልብን ሊያቆም ይችላል።

ከ2 ወር በታች ያሉት በሌላ ሕግ ይታያሉ። መጥባት ያቆመ፣ ሲነካ ብቻ የሚንቀሳቀስ፣ ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ የደረሰ ወይም ከ35.5 በታች የወረደ ሕፃን ሌላ ማስረጃ ሳይፈለግ ለከባድ ኢንፌክሽን ይታከማል። የወረደው ሙቀት ከወጣው አይሻልም።

የተቃጠለ ቆዳ 20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ፤ በረዶ፣ ቅባት፣ የጥርስ ሳሙና አይነካው፤ ሌላውን ሰውነቱን ግን ሸፍኑት፣ ትንሽ ልጅ ቶሎ ይበርደዋል። ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝ ወይም የሚያቃጥል ኬሚካል የጠጣን ልጅ አታስመልሱ፤ ሲመለስ ሳንባ ይገባል ወይም ጉሮሮን ሁለተኛ ያቃጥላል። ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ ዋጠ የተባለ ልጅ ደህና ቢመስልም ይሮጥ፤ ጉሮሮ ውስጥ ከቆየ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነና መዋጥ ከቻለ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ይረዳዋል።

እነዚህ መጠኖች ሁሉ በኪሎ ናቸው። ማመዘን ካልተቻለ ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለው ዕድሜው ላይ 4 ደምሩና በ2 አባዙ፤ የ3 ዓመት ልጅ ወደ 14 ኪሎ ነው። የከሳ ልጅ ላይ ይህ ስለሚያበዛ ዝቅ አድርጉ። ቁጥሩን ከካርዱ አናት ላይ በትልቁ ጻፉት፤ የሚቀጥለው ተረኛ በሌሊት ከግምት አይጀምር።